ድመትን ይዞ ካምፒንግ መውጣት፦ ከሳሎን እስከ ድንኳን

ድመቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ካምፒንግ ይዤ የወጣሁ ዕለት እንቅልፍ የነሳኝ ብርዱም ዝናቡም አልነበረም፤ ዚፕ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ «ክርር... ክርር» የሚል ድምፅ ሰምቼ ባትሪ ሳበራ፣ እመቤቲቱ የድንኳኑ በር ሥር ቁጭ ብላ የዚፑን ጫፍ በጥፍሯ እየሳበች ሁለት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አበጅታለች። ጭንቅላቷን ለማሾለክ ትንሽ ነው የቀራት። ድመት ደግሞ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ተከትሎ ማለፉ አይቀርም።

ውሻ ባለቤቱ ካለ የትም ይሄዳል። ድመት የምትተማመነው በቦታ ነው፤ ጉንጯን ባሸችበት የበር ጠርዝ፣ በተኛችበት ወንበር፣ ሽታዋ ባረፈበት ጥግ። ስለዚህ ድመት ይዞ የሚወጣ ሰው የምታውቀውን ቤት አነስ አድርጎ አብሮ መያዝ አለበት። ከታች የዘረዘርኩት ልምምድ ሁሉ ለዚህ ነው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ጉዞው የሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ ድመቷን ለምታውቀው ሰው አደራ ስጡና ለሚቀጥለው ተዘጋጁ።

መጀመሪያ፦ ይህች ድመት ትሄዳለች ወይ?

ሁሉም ድመት አይሄድም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር ገብታ እስኪወጣ የማትታይ ድመት ጫካ ስትደርስ ጠባይዋ አይለወጥም። ቀላል መፈተኛ ልንገራችሁ፦ ትልቅ ባዶ ካርቶን ሳሎን መሃል አስቀምጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጥታ ካሸተተችው፣ ከታከከችው ወይም ገብታ ከተቀመጠችበት ተስፋ አለ። እስከ ማታ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ በሩቁ የምትዞረው ከሆነ ግን ቤት መቅረቷ ለእሷም ለእናንተም ዕረፍት ነው።

ክትባቷን ያልጨረሰች ግልገል፣ እርጉዝ፣ ያረጀች፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት ድመት ይቅሩ። እንደ ፐርሺያን ያሉ ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ዝርያዎች መተንፈሻቸው ጠባብ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ይጥላቸዋል። ያልተኮላሸ ወንድ ደግሞ የሴት ሽታ ከነፈሰለት ማሰሪያም ድንኳንም አይመልሰውም።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ፣ ቢያንስ ከወር በፊት

ክትባት በተወጋች ማግስት አይሠራም፤ ሰውነቷ መከላከያውን እስኪያበጅ ሳምንታት ይወስዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን፣ እንዲሁም ፓንሉኮፔኒያ፣ ሄርፒስና ካሊሲ የሚባሉትን የድመት ቫይረሶች በአንድ ላይ የሚከላከለውን ጥምር ክትባት መውሰዷን አረጋግጡ። የፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ አፈርና ዕቃ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የታመመች ድመት ባትገናኛትም ታማ ያለፈችበት ቦታ ይበቃታል።

ቀጥሎ ማይክሮቺፕ። የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ነው፤ በሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል ከቆዳዋ ሥር በመርፌ ይገባል፤ የያዘው 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ቺፕ አላት፣ ብትጠፋ አገኛታለሁ» ይላል፤ ተሳስቷል። ቺፑ ባትሪ የለውም፣ የት እንዳለች አይናገርም። ሥራው የሚጀምረው ያገኛት ሰው ወደ ሐኪም ወስዶ ሲያስነብበው ነው፤ ያኔ ቁጥሩ የሚያመለክተው ስልክ የቀየራችሁት አሮጌ ቁጥር ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ከመውጣታችሁ በፊት ምዝገባውን አዩት። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የጂፒኤስ መሣሪያ ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ግን ቦታዋን የሚልክላችሁ በስልክ ኔትወርክ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ገደል ሥር ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ነው፤ እዚህ ላይ እባካችሁ ሳትቸኩሉ አንብቡ። ለውሻ የሚሸጡ አንዳንድ ጠብታዎች ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ አለባቸው። ውሻ ምንም የማይሆንበት መጠን ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል፤ ጉበቷ ያንን ንጥረ ነገር በበቂ ፍጥነት አፍርሶ ማስወገድ አይችልም። «ግማሹን አደርግላታለሁ» የሚባል ነገር የለም። ድመት የሚል የተጻፈበትን፣ ለክብደቷ የሚሆነውን ብቻ ተጠቀሙ። ለራሳችሁ የምትቀቡት ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያም እሷ ላይ አይረጭም፤ እጃችሁን ሳትታጠቡም አትዳብሷት፤ ፀጉሯ ላይ የቀረውን በሙሉ ትልሰዋለች።

የደረት ማሰሪያውን ማልመድ

የአንገት ቀበቶ ስልክ ቁጥር ለመያዝ እንጂ ለማሰር አይደለም። ሲሳብ ያንቃታል፤ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ደግሞ ሹልክ ብሎ ይወልቃል። አንገቷ ላይ የምታደርጉት ቅርንጫፍ ሲይዘው በራሱ የሚከፈት ዓይነት ይሁን፤ ገመዱ ግን ሃርነስ በሚሉት የደረት ማሰሪያ ላይ ነው የሚያያዘው። ከመግዛታችሁ በፊት ከፊት እግሮቿ ኋላ ያለውን የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለኩ።

መጀመሪያ ማሰሪያውን ምግብ የምትበላበት ሳህን አጠገብ ጣሉትና ለሁለት ሦስት ቀን እርሱት። አሽትታ ስትጨርስ ሳትቆልፉ ጀርባዋ ላይ አኑሩት፣ የምትወደውን ቁራሽ ስጧት፣ አንሱት። በሚቀጥለው ቀን ቆልፉት፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

የተቆለፈ ዕለት ምን እንደሚሆን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ካለበለዚያ ትደነግጣላችሁ። ድመቷ ወገቧ የተሰበረ ይመስል ጎኗ ላይ ዘፍ ትላለች። ወይም ሆዷን ምንጣፉ ላይ አስጠግታ እንደ እንሽላሊት ትሳባለች። አልተጎዳችም፤ ሰውነቷን ዙሪያውን የያዘ ነገር ግራ አጋብቷት ነው። አታንሷት፣ አትሳቁባትም (መሳቅ ቢያስቸግርም)። በክር የታሰረ ላባ ወይም የምትጫወትበትን ነገር ፊቷ ላይ አንቀሳቅሱ፤ አንድ እግር ታነሳለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ትረሳዋለች። የኔዋ ለመርሳት አራት ቀን ፈጅቶባታል።

ልኩን ለማወቅ አንድ ወይም ሁለት ጣት በማሰሪያውና በሰውነቷ መሃል ማለፍ አለበት፤ ሦስት ካለፈ ሰፊ ነው። ግን ጣት ብቻውን አይበቃም። ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ይህን ሞክሩ፦ ከፊቷ ቁሙና ገመዱን ቀስ ብላችሁ ወደ እናንተ ያዙ፤ ስታፈገፍግ ተመልከቱ። ድመት ስትፈራ ትከሻዎቿን አጥፋ፣ ክንዶቿን ወደ ፊት ዘርግታ ወደ ኋላ ትሾልካለች። በዚህ ከወለቀ ጫካ ውስጥም ይወልቃል። ያጥብቁት ወይም ይቀየር።

ገመዱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ቀላልና የማይለጠጥ ይሁን። መያዣው ውስጥ እየተጠቀለለ የሚገባው ዓይነት ለድመት አልወደውም፤ ከእጃችሁ ካመለጠ ያ ከባድ ፕላስቲክ መሬት ለመሬት እየተንኳኳ ይከተላታል፣ እሷም ከሚያሳድዳት ነገር ስትሮጥ ዓለም ዳርቻ ትደርሳለች።

ውጭ መውጣት ስትጀምሩ አንድ ሕግ አክብሩ፦ ከበር ውጭ ሁልጊዜ ታቅፋችሁ አውጧት፤ በእግሯ ደፍ አትሻገር። በእግሯ መውጣት ከለመደች በር በተከፈተ ቁጥር መሽሎክ ትጀምራለች። መሬት ካስቀመጣችኋት በኋላ ደግሞ መሪዋ እሷ ናት። አሥር ደቂቃ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ካለች አሥር ደቂቃ ትቆማላችሁ። ድመትን በገመድ እየጎተተ የሚሄድ ሰው ያሰበበት አይደርስም።

ሳጥኑና መኪናው

አብዛኛው ድመት ሳጥኑን የሚያየው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ብቻ ስለሆነ ሲያየው ይሸሻል። ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነውን ምረጡ፤ በሩን ከፍታችሁ ሳሎን ጥግ ላይ ለሳምንታት ተዉት፤ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፉበት፤ አንዳንዴ ምግቧን ውስጡ አስቀምጡ። ጨርቁን ለጉዞው ብላችሁ እንዳታጥቡ! ለእናንተ የቆሸሸ ቢመስልም ለእሷ ቤቷ እሱ ነው።

ስትለምደው በሩን ለአንድ ደቂቃ ዝጉ፣ ክፈቱ። ከዚያ ተሸክማችሁ ክፍል ለክፍል ዙሩ። ከዚያ ሞተሩ ያልተነሳ መኪና ውስጥ፣ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ፣ ከዚያ አጭር ዙር፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ምራቋ የሚዝረከረክ ወይም የምታስታውክ ከሆነ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ካልሆነላት ሐኪሙ ለማስታወክ ማሮፒታንት፣ ለጭንቀት ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል፤ የታዘዘውን በጉዞው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ ቤት ሆናችሁ ሞክሩት። የሰው ማስታገሻ በፍጹም። በተለይ ፓራሲታሞል፤ አንድ ኪኒን ድመት ይገድላል።

በጉዞው ቀን ከመነሳታችሁ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በፊት ምግብ አቁሙ፤ ውኃ አይከለከልም። ሳጥኑን በወንበር ቀበቶ እሰሩት፣ ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ አየር እንዲያገኝ አንድ ጎኑን ተዉ። «አሳዘነችኝ» ብላችሁ መኪና ውስጥ አትልቀቋት፤ የፈራች ድመት የምትገባው ወንበር ሥር ወይም ፍሬኑ ሥር ነው።

የቆመ መኪና ውስጥም አትተዋት። ውጭው 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ወደ 37፣ በግማሽ ሰዓት ወደ 45 ይደርሳል። መስኮት ትንሽ መክፈት ብዙም አይለውጠውም።

ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ትከሉ

ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ዘልዬው ነው ዚፑ ላይ ስጠብቅ ያደርኩት። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ዘርጉ። ቦታ ከጠበባችሁ ጠረጴዛውን አውጡ፣ ምሰሶውን ሳታስገቡ ሸራውን ወንበር ላይ ወጥሩ፤ ዋናው ነገር ጨርቁ፣ ሽታውና የሚያሰማው ሽርሽርታ ነው። በሩ ክፍት ይሁን። ሳጥኗን አስገቡ፣ ምግቧን እዚያ አቅርቡ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ራሷ ገብታ ስትተኛ፣ ጉንጯን ምሰሶው ላይ ስታሽ ታዩዋታላችሁ። ያኔ ድንኳኑ የእሷ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት እናንተም እዚያው ተኙ፣ ዚፑን ዘግታችሁ። ሳቅ የሚመጣበት ሌሊት ነው፣ ግን ድካሙ አይቆጭም። የት እንደምትቧጭር፣ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ዚፑን ታውቅበት እንደሆነ ሁሉን ታያላችሁ። መረቡ ጥፍር አይችልም፤ አንዴ ከተሰነጠቀ መንገድ አገኘች ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥፍሯን ከጉዞው በፊት ጫፍ ጫፉን ቁረጡ (ሮዝ ሆኖ የሚታየው ደም ሥሩ ነው፣ አትንኩት)። ሁለቱን የዚፕ ጫፎች በቁልፍ ቀለበት አገናኝታችሁ በሩ አናት ላይ ይቀመጡ፤ መሬት ላይ ሲገናኙ ነው በመዳፍ የሚከፈቱት። ለኤሌክትሪክ ገመድ የተተወች ቀዳዳ ካለች ድፈኗት። በረንዳ ያለው ድንኳን ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፦ የውስጡ ሳይዘጋ የውጩ አይከፈትም የሚል ሕግ ለሰው ሁሉ፣ በተለይ ለልጆች፣ አውጁ።

ከሳሎን በኋላ አንድ ሌሊት ለቤት ቅርብ የሆነ ቦታ እደሩ፤ ሳይሆን ቢቀር በሌሊት ተነስቶ የሚመለሱበት ርቀት ላይ።

ዕቃ

ረጅም ዝርዝር አልሰጥም፤ የምትረሱትን ልጥቀስ። የለመደችውን ምግብ ከቀኑ በሁለት ቀን አስበልጡ፤ ጫካ ምግብ የሚቀየርበት ቦታ አይደለም። ውኃ በኪሎ ክብደቷ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚያስፈልጋት፣ ከእርጥብ ምግብ የምታገኘውን ጨምሮ፤ አራት ኪሎ ለሆነች ድመት 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋና ቤት የምትጠቀምበትን ያንኑ አሸዋ ያዙ። ትርፍ ማሰሪያ። ወረንጦ። ትልቅ ፎጣ (የተቆጣች ድመት የሚጠቀለልባት)። ለብሳችሁት ያልታጠበ የራሳችሁ ሹራብ። ስልካችሁ ላይ ከሁለቱም ጎን የተነሳ ግልጽ ፎቶዋ። ለምታርፉበት ቦታ የሚቀርበው የእንስሳት ሐኪም የስልክ ቁጥር፣ በወረቀት ተጽፎ።

ቦታውን በተመለከተ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ የቤት እንስሳ ጨርሶ የማያስገቡ ፓርኮች አሉ፣ የሚያስገቡትም በገመድ ብቻ ይላሉ። ጥላ ያለበት፣ ከመንገድና ልቅ ውሾች ከሚበዙበት የራቀ፣ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ደግሞ ከጎጆዎቻቸው የራቀ ይሁን።

ሰፈር ስትደርሱ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሳፋው፣ ውኃውና ጨርቁ ይገባሉ፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ከዚያ ነው ሳጥኗ የሚከፈተው። እስከዚያ ድረስ በሳጥኗ ውስጥ ጥላ ሥር ትቆይ። ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ከድንኳኑ አትውጣ፤ በመረቡ ውስጥ ወፉን ትይ፣ ነፋሱን ታሽትት። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ በሩ ስትመጣ ማሰሪያዋን አድርጉላትና በሩን ክፈቱ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጋድሞ፣ የዓይኗ ጥቁሩ ሰፍቶ፣ አድፍጣ ከሆነ ዛሬ አይደለም፤ ነገ ይሞከራል።

ገመዱን መሬት ላይ የምታስሩት ከሆነ ጠለቅ ብሎ በተተከለ ካስማ ላይ ይሁን፤ ዛፍ ላይ አታስሩ። ወጥታ በሌላኛው ቅርንጫፍ ዘላ ስትወርድ ገመዱ ያንጠለጥላታል። ታስራም ብትሆን ብቻዋን አትተዋት፤ የታሰረች ድመት ውሻ ቢመጣ መሮጥም መውጣትም አትችልም። እኔ ገመዱን ወገቤ ላይ ነው የማስረው፤ ቡና ሳፈላም እንጨት ስሰበስብም አብራኝ ትዞራለች።

እሳት ሲነድ ሙቀቱ ራሱ ያርቃታል። የሚያሳስበው ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። ቀዝቃዛ የሚመስል ልስልስ አመድ ለድመት ዓይን አዲስ የመጸዳጃ አሸዋ ነው፤ ገብታ ትቆፍረዋለች፣ ሥሩ ደግሞ ረመጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት የተቃጠለ መዳፍ የሚገኘው በዚህ ነው። ውኃ አፍስሱበት፣ አገላብጡት፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ በእጅ ጀርባ ሞክሩት።

ከማብሰያው አጠገብ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለውም ጥሬውም፣ የደም ሴሎቿን ስለሚያፈርስ አይደርሳትም። የዓሣ ማጥመጃ ክር መንጠቆውን ይዞ መሬት ላይ እንዳይቀር። የመኪና ራዲያተር ፀረ በረዶ ፈሳሽ ከፈሰሰ ወዲያው ይጠረግ፤ ትንሽ መላስ ኩላሊቷን ያበላሻል። አበባው የተዋበ የሊሊ ተክል በአካባቢው ካለ ደግሞ ቦታ ቀይሩ፤ ፀጉሯ ላይ ያረፈ ዱቄቱን መላስ ብቻ ሊመርዛት ይበቃል።

ዓይነ ምድሯን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ እንጂ አትቅበሩት። ድመቶች ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ በዓይነ ምድራቸው ሊያወጡ ይችላሉ፤ እንቁላሎቹ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያሉ፣ በዝናብም ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው ተላላፊ የሚሆነው፤ ሳፋውን በየቀኑ ማጽዳት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይያዘው።

ሌሊቱ

ድመት የምትነቃቃው ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ እናንተ ልትተኙ ስትሉ የእሷ ቀን ይጀምራል። ፀሐይ ስትጠልቅ በማሰሪያ አውጥታችሁ አንድ ሩብ ሰዓት በደንብ አጫውቷት፣ ከዚያ የቀኑን ትልቅ ምግብ ስጧት። ያደነች፣ የበላች ድመት ሰውነቷን ልሳ ትተኛለች። ድንኳን ውስጥ ገመዱን ፍቱት፣ እንዳይጠመጠምባት፤ የደረት ማሰሪያውን ግን የመጀመሪያ ሌሊቶች ላይ አታውልቁ፣ ድንገት ለመያዝ ይረዳል። ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት አውልቃችሁ ቆዳዋን አሳርፉ። ሲበርድ ራሷ መኝታችሁ ውስጥ ትገባለች፤ አናቱን አጥብቃችሁ አትዝጉባት።

ብታመልጥ

አትሩጡ። ስሟን እየጮሃችሁ ጫካውን አትበጥብጡ። የቤት ድመት ስታመልጥ ባለቤቶች የሚሳሳቱት «ርቃ ሄዳለች» ብለው ነው፤ የፈራች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ካመለጠችበት ቦታ ብዙም ሳትርቅ የመጀመሪያው መሸሸጊያ ውስጥ ገብታ ድምፅ ሳታሰማ ትቀመጣለች። በአጠገቧ እያለፋችሁ ስትጠሯት እንኳ አትመልስም፤ ንቃችሁ አይደለም፣ ዝምታዋ መከላከያዋ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከድንኳኑ ዙሪያ ጀምሩ። ሆዳችሁን መሬት ላይ አድርጉና በድመት ዓይን ከፍታ ተመልከቱ፦ መኪናው ሥር፣ የጎረቤት ድንኳን ሥር፣ ቁጥቋጦ፣ የድንጋይ ስንጥቅ። ሲመሽ ባትሪውን ከዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ፤ የዓይኗ መስተዋት ብርሃኑን መልሶ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ካያችኋት አትሂዱባት። ቁጭ በሉ፣ ጎናችሁን ስጧት፣ ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፍኑና ክፈቱ፣ ሽታው የሚጠራ ምግብ ክፈቱ፣ ጠብቁ።

ካላያችኋት የድንኳኑን በር ከፍታችሁ ያልታጠበውን ሹራባችሁንና ሳጥኗን ደጃፉ ላይ አኑሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ሲል፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ ነው የምትንቀሳቀሰው። ጎረቤቶችን ንገሩ፤ ካዩዋት እንዳያሳድዷት፣ ፎቶ አንስተው እንዲደውሉ ብቻ። የቦታው ጠባቂዎችና አቅራቢያ ያለ ሐኪም ዘንድ ፎቶዋንና የቺፕ ቁጥሯን ተዉ። ድንኳኑንም አትንቀሉ፤ ሽታዋ ያለበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው። አንድ ሁለት ቀን ማራዘም ከቻላችሁ አራዝሙ።

ምልክቶች

ድመት አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ስታለከልክ ካያችሁ ነገሩ ቀላል አይደለም። ጤነኛ ሙቀቷ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከ40 ሲያልፍ አደጋ ላይ ናት። ወደ ጥላ ውሰዷት፣ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ (በረዶ ባልሆነ) ሆዷን፣ ብብቷንና መዳፎቿን አርጥቡ፣ አራግቡላት፣ እየሄዳችሁም ለሐኪም ደውሉ።

ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ደጋግሞ ተቀምጦ ምንም ካልወጣው ጉዞው አበቃ፤ ሽንቱ ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ «አሸዋው ስለተቀየረ ነው» ብላችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። ምግብ ሙሉ ቀን እምቢ ካለች ተመለሱ፤ በተለይ ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ካልበላች ጉበቷ በስብ ይጠቃል። እባብ ከነደፋት አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ አትሰሩ፤ ሳትንቀሳቀስ ሳጥኗ ውስጥ አድርጋችሁ ሐኪም ዘንድ ድረሱ።

ቤት ስትመለሱ

ከመግባቷ በፊት መዥገር ፈልጉ፦ ጆሮዋ ውስጥና ዙሪያ፣ አገጯ ሥር፣ ብብቷ፣ በጣቶቿ መሃል። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳዋ አጠገብ ጭንቅላቱን ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅባትና ክብሪት የሚሉትን ተዉት።

ቤት የቀረች ሌላ ድመት ካለች ተጠንቀቁ። ለዓመታት አብራ የተኛች እኅቷ በሩ ላይ ፀጉሯን አቁማ ልትጮህባት ትችላለች፤ ድመቶች የሚተዋወቁት በጠረን ነው፣ የመጣችው ደግሞ ጭስና ጫካ ትሸታለች። ለአንድ ሁለት ቀን በተለያየ ክፍል አድርጓቸው፤ አንዱ የተኛበትን ጨርቅ ለሌላው ስጡ፣ ከዚያ በበር ስንጥቅ ግራና ቀኝ አብሏቸው። ሳጥኑን ግን ከዕቃ ጋር አጥፋችሁ ጓዳ አትክተቱት፤ በሩን ከፍታችሁ የነበረበት ጥግ መልሱት። የኔዋ ከጫካ በተመለስን ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የምትተኛው እዚያ ውስጥ ነው፣ ጭስ ጭስ በሚለው ባልታጠበ ጨርቋ ላይ።